መስመሩን የበላው

ጋሼ ቡርሃን በሞቱ ማግስት መሊካ የገደልኳቸው እኔ ነኝ ብላ አምና ነበር ከአልጋዋ የተነሳችው። እንቅልፍ የሚባል አልነካትም፤ የራሷን ጣቶች ስታይ ነው ያነጋችው። የላፕቶፑን ቻርጀር የፈቱት እነዚህ ጣቶች ናቸው። የተበጠሰውን ሽቦ የቀጠሉት፣ በፕላስተር የጠቀለሉት፣ ክዳኑን መልሰው የገጠሙትም እነዚሁ ናቸው። ያን ቻርጀር በጠገነች በማግስቱ ጋሼ ቡርሃን ከጓዳው ጠረጴዛ ሥር በጎናቸው ተዘርግተው ተገኙ። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ፣ ቻርጀሩም ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነበር። ያገኘቻቸውም እሷው ናት።

ሱቁ እህል በረንዳ አጠገብ ካለ ፎቅ ሦስተኛው ወለል ላይ ነው። ጋሼ ቡርሃን በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ኋላ ቴሌቪዥን፣ በመጨረሻም ኮምፒውተር ሲጠግኑ መርካቶ ውስጥ ያረጁ ሰው ነበሩ። ያገለገሉ ላፕቶፖችን አድሰው፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጭነውባቸው ይሸጡ ነበር። ለምን ሊኑክስ ሲባሉ፣ የውስጥ አሠራሩ ለማንም ክፍት መሆኑን ለማስረዳት፣ «ድስቱን ከፍቼ ካላየሁ ወጥ አልበላም» ይላሉ። ከፊት ለፊት ባለቤታቸው እትዬ ሀፍሷ ማውስና ፍላሽ ይሸጣሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳው አለ፤ ጋሼ ቡርሃንና መሊካ የሚሠሩት እዚያ ነው። ከጓዳው ቀጥሎ ደግሞ በር ያለው ጠባብ መጋዘን አለ፤ እዚያ ተቀምጦ ማዘርቦርድ የሚበይደው ጁነዲን ነው።

ረፋዱ ላይ እትዬ ሀፍሷ ደወሉላት። ሌሊቱን ሲያለቅሱ ያደሩበት ድምፅ ጭራሽ የእሳቸው አይመስልም ነበር።

«ኢንስፔክተሯ ሁላችሁንም ሱቅ ትፈልጋለች። ነይ ልጄ፣ አትዘግዪ።»

ደረጃው ላይ ጁነዲን ቆሞ ጠበቃት። ሠላሳውን ያለፈ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ደንበኛው ሁሉ የሚወደው ሰው ነው። ክንዷን ይዞ ወደ ግድግዳው አስጠጋት።

«ቻርጀሩን አንቺ እንደጠገንሽው እስካሁን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም» አላት በሹክሹክታ።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ምንም። ከዚህ ስትወጪ ደሴ እናትሽ ዘንድ ሂጂ። ሳያውቅ የገደለም ይታሰራል፣ መሊካ። ነገሩ እስኪበርድ ዞር በይ፤ እዚህ ያለውን እኔ እይዘዋለሁ።»

ራሷን በምስጋና ነቀነቀችለት። ክንዷን ሲለቃት የእጁ ላብ ልብሷ ላይ ቀረ።

ኢንስፔክተር ሰገነት ጣሰው ጓዳው ውስጥ ነበረች። አጭር ሴት ናት፤ ዩኒፎርም አልለበሰችም፤ ሰፊ ጃኬት ደርባ እጆቿን ከኪሷ አታወጣም። መሊካን አንዴ አየቻትና ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችላት።

«ተቀመጪ። እኔ ቆሜ ነው ማሰብ የሚቀናኝ።»

መሊካ አልተቀመጠችም። ደረጃው ላይ የተመከረችው ሁሉ ከልቧ ጠፋ። «ቻርጀሩን የጠገንኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነካውም። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ኢንስፔክተሯ ከጠረጴዛው ላይ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት አነሳች። ቻርጀሩ ውስጡ ነበር።

«የመብራት ባለሙያ ፈትቶ ለክቶታል። ምንም ኤሌክትሪክ አያፈስም። ቅጥያውም ጥሩ ቅጥያ ነው ብሎኛል።»

መሊካ ያኔ ተቀመጠች። እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። ግን ቻርጀሩ ካልሆነ ሌላ ነገር ነዋ።

«ታዲያ ምንድነው የገደላቸው?»

«እሱን አንቺ ትነግሪኛለሽ። የተቃጠለው የግራ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ነው። የዚህ ላፕቶፕ ቻርጀር የሚገባው በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ።»

«በግራስ ምን ይገባል?»

«የኔትወርክ ኬብል» አለች መሊካ።

«እንግዲያው ስለ ኔትወርኩ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።»

መሊካ ነገረቻት። ኢንተርኔቱ የሚመጣው ከጎረቤቱ ከጋሽ ይድነቃቸው ሱቅ ነው። እሱ ራውተሩን አስቀምጦ ለወለሉ ሱቆች ሁሉ በኬብልና በዋይፋይ ያከፋፍላል። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ መስመሩ መንቀርፈፍ ጀመረ። ጋሽ ይድነቃቸው፣ መስመሩን የሚጨርሰው የእናንተ ሱቅ ነው አላቸው፤ ጋሼ ቡርሃንም አላመኑትም ነበር። ከመሞታቸው በፊት በነበረው ማታ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ሁሉም ባለበት፣ «ነገ በራሴ ላፕቶፕ ቁጭ ብዬ መስመራችንን የሚበላውን አገኘዋለሁ» አሉ። በሰው ማሽን ሊያዩት አልፈለጉም።

«ሁሉም ማለት?»

«እትዬ ሀፍሷ፣ ጋሽ ይድነቃቸው፣ ጁነዲን፣ እኔ።»

«ቻርጀሩንስ ጠግኚ ያለሽ ማነው?»

«ጁነዲን። የዚያኑ ማታ። ጋሼ ነገ ይፈልጉታል አለኝ።»

የኢንስፔክተሯ ፊት ምንም አላሳየም። «ቀጥዪ።»

«ጠዋት ላፕቶፓቸው ዋይፋይ አልይዝ አለ። ቀደም ብለን ሲስተሙን አድሰነው ስለነበር ድራይቨሩ፣ ዋይፋዩን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ነው ብዬ መልሼ ጫንኩት፤ እምቢ አለ። ከእድሳቱ በፊት በነበረው ሲስተም አስነሳሁት፤ እምቢ አለ። ከዚያ ውስጡ የተገጠመውን ዕቃ እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። የዋይፋይ ካርዱን ጭራሽ አያየውም።»

«ባያየው ምንድነው?»

«ድራይቨር ሲበላሽ ካርዱን ያየዋል፣ ማሠራት ያቅተዋል። ጭራሽ ካላየው ግን ጥፋቱ ከዕቃው ነው፤ ወይ ወልቋል ወይ ሞቷል። ልከፍተው ስል መብራት ሄደ። በጨለማ ብሎን አይፈታም። መብራቱ ሲመጣ እሳቸው አልጠበቁኝም፤ በኬብሉ ልሠራ ነው ብለው ገቡ።»

ኢንስፔክተር ሰገነት ከኪሷ ትንሽ ካቻቢቴ አውጥታ ሰጠቻት። «አሁን ክፈቺው።»

መሊካ ስትፈታው ብሎኖቹ ከጠረጴዛው እየተንከባለሉ ወለሉ ላይ ወደቁ። ክዳኑ ሲነሳ ካርዱ ቦታው ላይ ነበር። አወጣችው። ማሽኑን በሚነካባቸው ወርቃማ ጥርሶቹ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቢጫ ፕላስተር ተለጥፏል። ላጠችው፣ ካርዱን መለሰችው፣ ላፕቶፑን አስነሳችው። ዋይፋዩ ወዲያው ያዘ።

«ይኼ ፕላስተር ምን የሚሠራ ነው?»

«ሙቀት አይበግረውም። ሲበይዱ ሌላው ዕቃ እንዳይቃጠል ነው የሚሸፍኑበት። መጋዘን ውስጥ…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ፕላስተር ማንም ያነሳል» አለች ኢንስፔክተሯ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ፍርድ ቤት በፕላስተር አይፈርድም። እስቲ ኬብሉን እንዴት እንደሚይዙት አሳዪኝ።»

«በሁለት ጣት ነው። ራሱ፣ የሚሰካው ጫፉ፣ ቀዳዳው ውስጥ የሚይዝበት ምላስ ተሰብሯል። ካልያዙት ይወልቃል፤ ስለዚህ መስመር የፈለገ ሰው በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ይጽፋል። ሁልጊዜ እንስቅበት ነበር።»

ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ኬብሉን አነሳች። ራሱ በብረት የተለበጠ ነው፤ ወደ ላፕቶፑ ቀዳዳ ገፋችው። ቀጭ ብሎ ገባ። ለቀቀችው። አልወለቀም።

መሊካ እጇን አየር ላይ እንዳለ አቆመችው። ከእህል በረንዳ የሚነሳው የጤፍና የስንዴ ብናኝ ሱቁ ውስጥ የማይለብሰው ነገር የለም፤ ጠዋት የተወለወለ ስክሪን ለምሳ ግራጫ ይሆናል። ጣቷን በኬብሉ ላይ ሳበችው። ጣቷ ንጹህ ሆኖ ተመለሰ።

«ተቀይሯል» አለች። «ይኼ የእኛ ኬብል አይደለም።»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለች ኢንስፔክተር ሰገነት።

ከመጋረጃው ማዶ ሦስቱ፣ እትዬ ሀፍሷ፣ ጋሽ ይድነቃቸውና ጁነዲን፣ ተቀምጠዋል። አንዱ ሳል አደረገ። መሊካ የማን ሳል እንደሆነ ለመለየት ሞከረችና ፈራች።

ኢንስፔክተሯ ጠጋ ብላ፣ በጣም በዝግታ፣ ከሞቱ በኋላ ማን ማን አጠገባቸው እንደነበረ ጠየቀቻት። መሊካ አሰበች። ስታገኛቸው መጀመሪያ ያደረገችው በሩ አጠገብ ያለውን የሱቁን ማብሪያ ማጥፊያ፣ ዋናውን፣ ማጥፋት ነበር። ከዚያ ጮኸች። ጋሽ ይድነቃቸው ሮጦ መጣና፣ «እትዬን ያዢ፣ አይግቡ» ብሎ አስወጣት፤ ብቻውን አጠገባቸው ቆየ። ወዲያው ጁነዲን፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ላፕቶፕ ሊያደርስ ከሄደበት ተመለሰ፤ «መብራቱን ላጥፋ» እያለ ወደ ውስጥ ሮጠ። ጋሽ ይድነቃቸው ፖሊስ ሊጠራ ወጣ፤ ጁነዲን ቀረ። ፖሊሶች አስከሬኑን ወስደው ሱቁን ቆልፈው ቁልፉን ያዙ።

«መብራቱ ከመምጣቱ በፊትስ ጁነዲን የት ነበር?»

«መጋዘኑ ውስጥ። በበሩ ሥር የስልኩ ባትሪ ብርሃን ይታይ ነበር። ከዚያ ነው ላፕቶፕ ሊያደርስ የወጣው።»

ኢንስፔክተሯ ራሷን ነቀነቀች። ከመደርደሪያው ቁራጭ ኬብል፣ ሁለት አዲስ ራሶችና መቆንጠጫውን አንስታ አስያዘቻት። «ለቢሮዬ ፕሪንተር አጭር ኬብል ሥሪልኝ። እንደምትሠሪው።»

መሊካ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች እንደለመደችው ደረደረቻቸው፤ ብርቱካናማውን አስቀድማ። ኢንስፔክተሯ የተሠራውን አይታ ኪሷ ከተተችው።

«ሌሎቹንም አሠራለሁ። አሁን ውጪና ከእነሱ ጋር ተቀመጪ። ፊትሽ ግን እንደገባሽበት ይሁን። ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«እየፈራሽ ገብተሻል፤ እየፈራሽ ውጪ። ማንም ልዩነቱን አያውቅም።»

ከመጋረጃው ስትወጣ ቀርቶ የነበረው ወንበር ጁነዲን አጠገብ ያለው ነበር። የታሸገ ውሃ ከፍቶ አቀበላት። ተቀብላ ጠጣች።

«ምን አለችሽ?»

«ስለ ቻርጀሩ ጠየቀችኝ።»

«ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም» ብላ ዋሸች። «እንዳልከኝ ደሴ እሄዳለሁ።»

«ጎበዝ» አላትና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። መሊካ እንዳትሸሽ ጥርሷን ነከሰች።

ጋሽ ይድነቃቸው ተጠርቶ ገባ። ወፍራም፣ ቁጡ፣ ድምፁ ከመጋረጃ የማያልፍበት ጊዜ የሌለ ሰው ነው።

«እኔ ከቡርሃን ጋር መጨቃጨቄን ወለሉ ሁሉ ያውቃል» ሲል ይሰማል። «መስመሬን ጨረሳችሁት አልኩት፣ አላልኩም አልልም። ይኸው እኔም ተቃጥያለሁ፤ የዚያን ቀን መብራት እንደመጣ ወደዚህ ጓዳ የምትሄደዋ የራውተሬ ቀዳዳ ጭሳ ሞተች። ኬብሉን ወደ ሌላ ቀዳዳ ማዛወር ነበረብኝ።»

«አጭር ኬብል ይሠሩልኛል፣ አቶ ይድነቃቸው?»

«አሁን? ሰው ሞቶ?»

«አሁን።»

ከእሱ በኋላ ጁነዲን ገባ። የእሱ ድምፅ አይሰማም፤ የመቆንጠጫው ጠቅታ ብቻ ተሰማ። እትዬ ሀፍሷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው ተቀምጠዋል። መሊካ እጃቸውን ያዘች። ቀዝቅዟል።

«አስከሬኑን መቼ ነው የሚሰጡን?» አሏት።

«ዛሬ ይሰጣሉ፣ እትዬ።»

«አፈር ሳይቀምስ ማደሩ…» አሉ።

ኢንስፔክተር ሰገነት አራቱንም ወደ ጓዳው ጠራቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። ሌላ ፖሊስ ጋሽ ይድነቃቸው ሱቅ ውስጥ እንዳለ ከግድግዳው ማዶ ተሰማ። ጋሼ ቡርሃን የወደቁበትን ቦታ ማንም ሊረግጥ ስላልፈለገ ሁሉም ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቆሙ።

«እትዬ ሀፍሷ፣ የምናገረው ያማል። ይቀመጡ» አለች ኢንስፔክተሯ። «አቶ ቡርሃንን የገደላቸው ኤሌክትሪክ ነው። ቻርጀሩ ግን ንጹህ ነው። የተቃጠለው ግራ እጃቸው ነው፤ ግራ እጃቸው የያዘው ይኼን ኬብል ነው። ቀኝ ክንዳቸው ደግሞ የብረት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ኬብሉ ውስጥ ሽቦዎቹን የሚሸፍን የብረት ልባስ አለ፤ ራሱም ብረት ነው። አንድ ሰው በዚያ ልባስ የግድግዳውን መብራት ለቀቀበት። ለዚህ ነው የአቶ ይድነቃቸው ራውተር በማዶ በኩል ጭሶ የሞተው።»

ጋሽ ይድነቃቸው ፊቱን ወደ ራሱ ሱቅ ግድግዳ አዞረ።

«ኬብሉን የሚነካ ሁሉ በጣቱ ይዞት እንደሚቆይ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ምላሱ የተሰበረ ነበር። እኔ ያገኘሁት ኬብል ግን ምላሱ ደህና ነው፤ ትቢያም አልነካውም። ስለዚህ ገዳዩ ከሞቱ በኋላ ቀይሮታል። መሊካና እትዬ ሀፍሷ ውጭ ነበሩ። ከአስከሬኑ ጋር ብቻቸውን የቆዩት ሁለት ናቸው።»

ሁለቱ ወንዶች ተያዩ።

«እኔ ልብሱን ነው ያስተካከልኩለት» አለ ጋሽ ይድነቃቸው፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሰ። «በአላህና በእመቤቴ ፊት…»

«አውቃለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። ከኪሷ ሦስት አጫጭር ኬብሎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ከተቀየረው ኬብል ራስ አጠገብ ደረደረች። «ሽቦ የሚደረደርባቸው ሁለት ልማዶች አሉ፤ ሁለቱም ይሠራሉ። መሊካ ብርቱካናማውን ታስቀድማለች። አቶ ይድነቃቸውም እንዲሁ። አንድ ሰው ብቻ አረንጓዴውን ያስቀድማል። የተቀየረው ኬብልም አረንጓዴው የቀደመበት ነው።»

ጁነዲን ፈገግ አለ። «በሽቦ ቀለም ሰው ይከሰሳል እንዴ? እኔ ይኼን ኬብል ድሮ ሠርቼው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ሊሆን ይችላል። ማንም አንስቶት ይሆናል።»

«እውነትህን ነው። ለብቻው አይበቃም። መብራት ጠፍቶ ሳለ መጋዘኑ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?»

«እበይድ ነበር።»

«በምን? መበየጃህ ያለ መብራት አይሞቅም።»

ጁነዲን እጆቹን አጣጥፎ ቆመ።

«ኬብሉ ከአቶ ይድነቃቸው ወደዚህ ሲመጣ የሚገጣጠመው መጋዘኑ ውስጥ ነው። መብራት በሌለበት ሰዓት ሽቦ ሲነካኩ አይነዝርም። የመብራቱን ሽቦ ከኬብሉ ልባስ ጋር ገጥመህ ወጣህ። አንተ መንገድ ላይ ሳለህ መብራቱ መጣ፤ መብራቱ ገደላቸው። ስትመለስ መሊካ ዋናውን አጥፍታዋለች፤ ኮሪደሩ በርቷል፣ ሱቁ ጨልሟል። ጨለማ ሱቅ ውስጥ ‹መብራቱን ላጥፋ› እያልክ ወደ መጋዘን የሮጥከው የቱን መብራት ልታጠፋ ነው?»

ከታች የተሸካሚዎቹ «ዞር በሉ» የሚል ድምፅ ብቻ ይመጣል። ጁነዲን ከኢንስፔክተሯ ላይ ዓይኑን አነሳና መሊካን አየ። ደረጃው ላይ ያየችው ለስላሳ ፊት ነው፤ አልተለወጠም። ያ ከሁሉም በላይ አስፈራት።

«መሊካ ትንገራችሁ» አለ። «ቻርጀሩን የነካካችው እሷ ናት። እኔ ሸፍኜላት ነበር።»

መሊካ ጀርባዋን ከግድግዳው አላቀቀች። «ቻርጀሩን ጠግኚ ያልከኝ አንተ ነህ። ዛሬ ደግሞ ደሴ ሽሺ አልከኝ። ብሸሽ ኖሮ ማን ይፈልገኝ ነበር? ፖሊስ። አንተን ማን ይፈልግሃል?»

እትዬ ሀፍሷ ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱ። «ጁነዲን» አሉ፣ «በእጄ አብልቼሃለሁ። ምን አደረገህ?»

«ምንም አላደረጉትም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሊያገኙት ነበር እንጂ። ዋይፋዩን በፕላስተር የደፈነባቸው ወደ ኬብሉ ሊገፋቸው ነው። መሊካ፣ እሳቸው ሊሠሩት የነበረውን ሥሪ።»

ጋሽ ይድነቃቸው የራውተሩን የይለፍ ቃል ነገራት። መሊካ የጋሼ ቡርሃንን ላፕቶፕ ወደ ራሷ ሳበች፤ የቁልፎቹ ፊደል በእሳቸው ጣት ተፍቋል። ፖሊሶቹ ዋናውን መልሰው አብርተውታል፤ ሱቁ ውስጥ ሁሉም ማሽን ጠፍቷል። ስክሪኑ ላይ ግን የመስመሩን ፍሰት የሚያሳየው ቁጥር እየሄደ ነው፤ ብዙ ነገር ከሱቁ ወደ ውጭ ይወጣል።

«ይበላል» አለች። «አሁንም እየበላ ነው።»

«ወደዚህ ሱቅ የሚመጡትን አንድ በአንድ ንቀል» ብላ ኢንስፔክተሯ በግድግዳው ማዶ ላለው ፖሊስ ተጣራች።

የእትዬ ሀፍሷ መስመር ተነቀለ። አልቆመም። የመሊካ ተነቀለ፤ አልቆመም። የጓዳው ኬብል ተነቀለ፤ ቁጥሩ እንደሄደ ነው። ቀጥሎ የመጋዘኑ ሲነቀል ቁጥሩ ወርዶ ሞተ።

«የእኔ ኮምፒውተር ጠፍቷል። ገብታችሁ እዩ» አለ ጁነዲን። ድምፁ አሁን ደርቋል።

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ መጋዘን ገባ። የካርቶን መጎተት ተሰማ። ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ከባዶ ካርቶኖች ሥር፣ ስክሪን የሌለው የላፕቶፕ ገላ ይዞ ወጣ፤ መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ ተደርጎ የተተወ፣ ጎኑ ላይ አረንጓዴ ነጥብ የሚበራበት። ከእሱ ጋር በዚያው ካርቶን ውስጥ አንድ የተጠቀለለ አሮጌ ኬብል ነበር። ትቢያ ለብሷል። ምላሱ ተሰብሯል። የብረቱ ራስ ጠቁሯል። ሱቁን ፖሊስ ስለቆለፈው ጁነዲን ሁለቱንም ሊያወጣቸው አልቻለም ነበር።

መሊካ ገላውን ከስክሪን ጋር አገናኘችው። የደንበኞች ስም የተጻፈባቸው ፎልደሮች ተደርድረዋል። ወደ ውጭ የሚወጡት ሊጠገኑ ከመጡ ላፕቶፖች የተቀዱ ፎቶዎች ናቸው፤ ልጃገረዶች፣ ሙሽሮች፣ እናቶች ቤታቸው ውስጥ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው ያነሷቸው። ከሥራቸው ‹ለሰው እንዳላሳይብሽ› እያሉ የሚያስፈራሩ መልእክቶች አሉ። ዓይኗ ወደ ታች ሄደ። ከመጨረሻው አንድ በፊት ያለው ፎልደር ስም መሊካ ይላል።

አልከፈተችውም። ስክሪኑን አጠፋችው።

ጁነዲንን ካቴና አስገብተው ሲያወጡት አልታገለም። መጋረጃው ጋ ሲደርስ ብቻ ቆም ብሎ ወደ እትዬ ሀፍሷ ዞረ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

ጋሼ ቡርሃን በዚያው ቀን ከአሱር ሰላት በኋላ ተቀበሩ። ጋሽ ይድነቃቸው ቃሬዛውን ተሸክሞ እስከ መጨረሻው ለማንም አላቀበለም።

ሱቁ ለቅሶው እስኪያልፍ ተዘግቶ ቆየ። ሲከፈት እትዬ ሀፍሷ መሊካን ብትሄጂ አልፈርድብሽም አሏት። መሊካ ቀረች። ፍርሃቷ ግን አብሯት ቀረ። ኬብል ከመንካቷ በፊት በመለኪያ ትነካዋለች፤ ሰው ከኋላዋ ዝግ ብሎ ሲያናግራት ትደነግጣለች። ኢንስፔክተር ሰገነት ፎቶዎቹ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንደሚጠፉ ነግራታለች፤ ስሞቹን ግን መሊካ አይታቸዋለች። ለባለቤቶቹ እየደወለች ትነግራቸዋለች፤ ግማሾቹ ስልክ አያነሱም። ያነሱት ያለቅሳሉ፤ አንዷ ሰድባት ዘጋችባት።

አንድ ጠዋት ሎዛ የምትባል ተማሪ መጣች። ስሟ ከእነዚያ ፎልደሮች በአንዱ ላይ ነበር። ላፕቶፕ ደረቷ ላይ አቅፋ ከበሩ አልፋ አልገባ አለች።

«ዋይፋይ አልይዝ ብሎኝ ነው» አለች። «ማነው የሚከፍተው?»

«እኔ ነኝ።»

«ውስጥ ገብተሽ?»

«አይደለም። እዚህ፣ በሩ ላይ። አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ።»

መሊካ ጠረጴዛውን እየጎተተች ብርሃኑ ጋ አመጣችው፤ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አደረገች። ልጅቷ ከብዙ ማመንታት በኋላ ተቀመጠች። ላፕቶፑን ግን አልለቀቀችውም። መሊካም እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ካቻቢቴውን ሳታነሳ፣ ልጅቷ ራሷ እስክትሰጣት ድረስ ጠበቀች።